እስከ አሜን የሚደርስ ሞተር

የጋሽ ቶሎሳን ሞት የሰማሁት ሻኮፒ በሚባል ከተማ፣ አብረን እንሠራበት በነበረው መጋዘን ፓርኪንግ ውስጥ የመኪናዬን መስታወት ከበረዶ እየፋቅሁ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ሚስቱ እትዬ ጫልቱ ነበረች።

«ብሩኬ» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው የረጋ ነበር። «ቶሎሳ አረፈ። ልቡ ናት አሉኝ። ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለ ነው።» እሷው ቀጠለች። «ጀልባዋ ጠረጴዛው ላይ ናት። ያንን ፕሮፔለር አላወለቀውም። ምን ላድርጋት?»

ባሏ ገና መሞቱ ነው፤ እሷ የምትጠይቀኝ ስለ አንዲት የመጫወቻ ጀልባ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማት ኖሮ ሐዘኑ ናላዋን አዞረው ይል ነበር። እኔ ግን በደንብ ገብቶኛል፤ ባልና ሚስቱ የበረዶውን ወራት በሙሉ የተጨቃጨቁት ከጅራቷ ሥር እየዞረ በሚገፋት በዚያ ፕሮፔለር ምክንያት ነው። «አትንኪያት፤ ሐይቁ ሲቀልጥ አብረን እናያታለን» አልኳት። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ኒው ሆፕ፣ እኔ በምኖርበት አፓርታማ፣ ከእኔ ቤት ሥር ይኖር ነበር። መጋዘኑ ውስጥ እኔ ዕቃ ሳሽግ እሱ ዕቃውን የሚያመላልሱትን ማሽኖች ይጠግናል። ሺፍታችን አንድ ስለነበር፣ እሱ ሥራ እስኪያቆም ድረስ በእሱ አሮጌ ቫን አብረን እንመላለስ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ሰው ነው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «እርስዎ» ስለው «ተው፣ በዚህ ብርድ ላይ እርጅና አትጨምርብኝ» ብሎ አስቆመኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሱንም ሚስቱንም አንተ አንቺ እያልኩ ነው የኖርኩት። የወለጋ ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከሞተር ጋር ደግሞ ማንም የማያውቀው ቋንቋ ያወራል።

ማመስገን የሚባል ነገር አያውቅበትም። እትዬ ጫልቱ ቀኑን ሙሉ የደከመችበትን ምግብ ስታቀርብ እኔ «እጅሽ ይባረክ» እያልኩ ስንጫጫ፣ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያላምጥና «ጨው አልበዛበትም» ይላል። በቃ። ከዚያ ሰው አፍ የሚወጣው ትልቁ ሽልማት ይኸው ነው። ልጃቸው ቢፍቱ ኮሌጅ የጨረሰች ቀን እንኳ ጋውኗን ለብሳ ፊቱ ብትቆም ከላይ እስከ ታች አይቷት «ጨው አልበዛበትም» አለ። ልጅቷ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ «ዳድ፣ ዋት ዳዝ ዛት ኢቭን ሚን?» አለችው። እናቷ ናት የተረጎመችላት፤ «ኮርቶብሻል ማለቱ ነው» ብላ። ይህንን እትዬ ጫልቱ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ትንሽ ቅሬታ ነበረበት።

የጀልባው ጣጣ የመጣው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ ሮዝቪል አካባቢ አንድ ፓርክ ውስጥ ሽርሽር ያዘጋጃል፤ ይዘመራል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። አንድ ጊዜ መዝሙሩ መሃል ከፓርኩ ጫፍ፣ ከሐይቁ በኩል፣ የተቆጣ ንብ የመሰለ ድምፅ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ ሳህኑን እንደያዘ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። ዳር ላይ ሽማግሌ ፈረንጆች ቆመው የክንድ ርዝመት ያላቸው ጀልባዎች በሪሞት ይነዳሉ። ጀልባዎቹ ሲያልፉ ዓይን አይከተላቸውም፤ የሚታየው ኋላቸው የሚነሣው ውሃ ብቻ ነው። ሥጋው እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቆሞ ቀረ። ከሰዎቹ አንዱ፣ ዴል የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ሁኔታውን አይቶ ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ አፍንጫዋ የተሰነጠቀ ባዶ ጀልባ ሰጠው።

«ሞተሩንና ፕሮፔለሩን ራስህ ምረጥ አለኝ» ይል ነበር ጋሽ ቶሎሳ። «እዚያ ላይ ነው የያዘኝ። ጀልባውንማ ማንም ይገዛዋል። ምርጫው ነው ሰውን የሚያሳብደው።»

እሱ ሲያብድ እኔም አብሬ አበድኩ፤ ምክንያቱም ሻኮፒ ድረስ ቫኑ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሬዲዮ አይከፍትም። አንድ እጁን መሪው ላይ ጥሎ በሌላው አየሩን እያሽከረከረ ያስረዳኛል።

«ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የት ነው መሰለህ? ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ፕሮፔለር፣ ከዚያ መብረር። እንደሱ አይደለም። የሚሮጥ ሞተር አለ፣ የሚጎትት ሞተር አለ። የሚሮጠው በትንሽ ቮልት ብዙ ዙር ይዞራል፤ ጉልበት ግን የለውም፤ ትንሽ ፕሮፔለር ነው የሚፈልገው። የሚጎትተው ዙሩ ዝግ ይላል፤ እሱ ትልቁን ይሸከማል። ለሚሮጠው ትልቁን ካሰርክበት መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ጥቂት ዙር ጉድ ያሰኝሃል። ከዚያ ውስጡ ይቃጠላል። ሞተር ደግሞ ሲቃጠል አይጮህም ብሩክ፤ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው።»

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። በትንሹ ፕሮፔለር ትጀምራለህ። ጥቂት ዙር ትነዳና ጀልባዋን አውጥተህ፣ ክዳኗን ከፍተህ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ ታያለህ። አቅም ከተረፈው አንድ ደረጃ ትጨምራለህ፤ እንደገና ታያለህ። ዴል ለዚህ ሥራ ሽጉጥ የመሰለ ቴርሞሜትር አለው፤ አነጣጥሮ ይተኩስና ቁጥሩን ያነባል። ጋሽ ቶሎሳ ግን በጣቱ ነበር የሚለካው። አመልካች ጣቱን ሞተሩ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይን ይደግማል።

እየቀለድኩ አይደለም። «ባትሪ የማያልቅበት መለኪያ ነው» ይላል። «እንጀራው ጋ ሳትደርስ ጣትህ ከተነሣ ፕሮፔለሩ በዝቶበታል፤ ቀንስ። እስከ አሜን ደርሰህ ጣትህ ምንም ካልተሰማው ሞተሩ ተኝቷል፤ ጨምርለት። አሜን ብለህ፣ ሞቅ ብሎህ፣ ጣትህን ማንሣት ካላሰኘህ፣ እሱ ነው ልክ።»

ዴል መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀበት። በኋላ እሱም ለመደው። ሉተራን ነው፤ በራሱ ቋንቋ ይደግመዋል። ጀልባ ከውሃ በወጣ ቁጥር ከወዲያ ዳር «ቶሎሳ! ዲድ ኢት ሜክ ኢት ቱ ዘ ብሬድ?» እያለ ይጮሃል፤ እንጀራው ጋ ደረሰ ወይ ማለቱ ነው፤ ጋሽ ቶሎሳም «ብሬድ አልፎ ሄዷል!» ብሎ ይመልስለታል። በአጠገባቸው ውሻ የሚያናፍስ ሰው ምን ሊመስለው እንደሚችል አስቡት።

በዚህ ጸሎት የተነሣ አንድ ሞተር አቃጥለናል። እኔ በልጅነቴ ድቁና ነበረኝ። አባታችን ሆይን የተማርኩት ማን ቀድሞ ይጨርስ እያሉ ከሚሽቀዳደሙ ልጆች መካከል ነው፤ እስከ ዛሬ አንዴ ከጀመርኩት ትንፋሽ ሳልወስድ ነው የምወጣው። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ቶሎሳ እጁን ቅባት ነክቶት ኖሮ «ንካልኝ» አለኝ። ጣቴን አሳርፌ ደገምኩ። «አሜን!» አልኩ በኩራት። «እርግጠኛ ነህ?» «ምን ነካህ ጋሼ፣ አሜን ደርሻለሁ እኮ!» አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ፕሮፔለር አሰረ። ጀልባዋ ፎክራ ሄደች፤ ሐይቁን ሁለት ጊዜ ዞረችና መሃል ላይ ቀጥ አለች። ከክዳኗ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ዴል በታንኳ ቀዝፎ አወጣልን።

ጋሽ ቶሎሳ የተቃጠለውን ሞተር አሽትቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። «እስቲ ጸሎቱን ልስማው» አለኝ። ደገምኩለት። አፉን ከፍቶ አየኝ።

«አንተ! ይኼ ጸሎት ነው ወይስ ጨረታ?»

ከዚያ ወዲህ ሞተር እንድነካ አልፈቀደልኝም። ለሰማይ ይሆን ይሆናል፣ ለሞተር ግን አይሆንም አለ። ዴልም ነገሩ ሲብራራለት ሣሩ ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ።

ሰውንም እንደ ሞተር ነበር የሚያየው። ሁለት ሥራ የምሠራበት ጊዜ ነበር፤ ከሻኮፒ ስወጣ በራሴ መኪና ሌላ ቦታ ፓርት ታይም እገባለሁ። አንድ ቀን ቫኑ አጠገብ ስንገናኝ ሰላም ሳይለኝ መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ጥቂት ቆይቶ እጁን አነሣና «እንጀራው ጋ አልደረስክም» አለኝ።

«ጋሼ፣ ደህና ነኝ። ኦቨርታይም አለብኝ፣ ልሂድ።»

«ዛሬ ድራይቭ አታደርግም። ቁልፍህን አምጣ።»

ተቆጣሁ። ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አንተ ማን ነህ ሁሉ ብዬዋለሁ። እጁን እንደዘረጋ ጠበቀኝ። «አንተ የሚሮጥ ሞተር ነህ» አለኝ በመጨረሻ፤ «የሚጎትት አይደለህም። ማንም አልነገረህም እንጂ።» ቁልፉን ሰጠሁትና ቫኑ ውስጥ ገብቼ ቤቴ እስክንደርስ ተኛሁ። ሁለተኛውን ሥራ የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ ጫልቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ቫኑ ውስጥ ነበረች። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ቅዳሜ መቀመጥ ነው የምትፈልገው። ጆሮዋ ላይ ስብከት ሰክታ፣ ወንበሯን ለጥጣ፣ እኛን በመስታወት ታየናለች። ጀልባዋን ጣውንቴ ነበር የምትላት። ባትሪ ሲሞላ ካየችው «ጣውንቴን አበላሃት?» ትለዋለች። ፕሮፔለር ሲያጥብ ካገኘችው ደግሞ «የእኔን እግር እንዲህ አጥበህልኝ ታውቃለህ?»

እጁ መንቀጥቀጥ መጀመሩ የታወቀው በሞረዱ ነው። የፕሮፔለሩን ምላጭ ስስ በሆነ ሞረድ የሚስለው ራሱ ነበር፤ እየሞረደ በመስኮት ብርሃን ላይ ያነሣዋል፣ ዝቅ ያደርገዋል፣ እንደገና ይሞርዳል። አንድ ቀን ቤታቸው ተቀምጬ ሞረዱ እያመለጠው ሲንሸራተት አየሁ። ጣቱን ጨበጥ ዘርጋ አደረገና ሥራውን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ አስቀመጠ። እትዬ ጫልቱም አይታለች።

ውሃው ላይ ግን መደበቅ አልተቻለም። በዚያ ፍጥነት ጣትህ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጀልባዋ ትታጠፋለች፤ በድንገት ከታጠፈች ትገለበጣለች። ለካ ሐኪም ቤት ሄዶ ኖሯል። ፓርኪንሰን የሚባል የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ነው ብለውታል። ይህንን የነገረን ጀልባዋ ለሁለተኛ ጊዜ በተገለበጠችበት ቅዳሜ፣ ዴል ቀዝፎ ሲያመጣት እየጠበቅን፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ዴል ጀልባዋን ሲያስረክበን ነገሩን ሰማ። ከዚያ ቀላሉን መፍትሔ አቀረበ፤ ትንሹን ፕሮፔለር እሰርባት፣ ዝግ ትላለች፣ እጅህ ይከተላታል። እኔም «ጋሼ፣ ልክ ነው እኮ፤ ከማትነዳ ቀስ ብለህ ብትነዳ አይሻልም?» አልኩት።

ጋሽ ቶሎሳ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ለእኔ ብዬ ከቀነስኩ በየወሩ መቀነሴ ነው» አለ። «የእኔ እጅ ከዚህ አይሻለውም። ዛሬ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ሌላ ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ ጀልባዋ ትቆማለች። እሷ ምን አጠፋች?»

«ታዲያ ልትተዋት ነው?»

ሪሞቱን ይዞ ወደ ቫኑ ሄደና መስታወቱን አንኳኳ። እትዬ ጫልቱ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ነይ ውረጂ።»

«የት ልሂድ?»

«ጣውንትሽን ንጂ።»

«ቶሎሳ ደህና ነህ? እኔ ቫኑን ፓርክ ሳደርግ እንኳ ከኋላዬ ቆመህ የምትጮህ ሰውዬ!»

ከዚያ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አላት፤ ረጅም አልነበረም። ምን እንዳላት ያን ጊዜ አልሰማሁም፤ ኋላ ራሷ ነገረችኝ። «ለእኔ እየቀነስኩ ነው የምሄደው፤ ለአንቺ ግን እየጨመርኩ እሄዳለሁ» ነው ያላት። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣችና ወረደች።

የዚያ ሰመር ሳቅ ዕድሜዬን ሙሉ ይበቃኛል። ጋሽ ቶሎሳ ካለው ሁሉ ትንሹን ፕሮፔለር አሰረላት፤ ጀልባዋ እንደ ዳክዬ እየተንሳፈፈች ትሄዳለች። እንደዚያም ሆኖ አስቸጋሪ ነው። ጀልባ ከአንተ ስትርቅ ግራዋ ግራህ ነው፤ ወደ አንተ ስትመጣ ግን ይገላበጣል። ጋሽ ቶሎሳ ሲጨንቀው አማርኛም እንግሊዝኛም ይጠፋዋል፤ በኦሮምኛ ግራ ለማለት «ቢታ! ቢታ!» እያለ ይጮሃል።

«የማን ቢታ? የእኔ ነው የእሷ?» ትጮሃለች እትዬ ጫልቱም።

«የእሷ! የእሷ!»

ጀልባዋ ቄጠማው ውስጥ ትገባለች። ዴል ታንኳውን ይገፋል። ቀስ በቀስ የሐይቁ ሰው ሁሉ ቃሏን ተማረ፤ እትዬ ጫልቱ በነዳች ቁጥር ከየአቅጣጫው ሽማግሌ ፈረንጅ «ቢታ!» ይላል። እሷ ደግሞ ሪሞቱን እንደያዘች ዞር ብላ «ዩ ቢ ኳየት!» ትላቸዋለች።

ቀስ እያለች ለመደችው። ጋሽ ቶሎሳ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ አጥብቆ፣ ድምፁን ብቻ ይሰማል። «አሁን ቀሎባታል፤ ትሰሚያታለሽ? ጨምሪልኝ ነው የምትለው።» ወይም «ኩርባው ላይ ጋዙን ለቀቅ፣ ለቀቅ፤ ትተንፍስ።» የሪሞቱን ማፍጠኛ ነው ጋዝ የሚለው። አንዱን ፕሮፔለር በደንብ ከነዳች ቤት ሲገቡ ሳይነግራት የሚበልጠውን ያስርባታል። እሷም በሚቀጥለው ቅዳሜ በጣቷ ነው የሚታወቃት። «ቶሎሳ! ነካክተሃታል!» ስትል እሱ ወደ ሰማይ ያያል። ጣቱ ስለማይረጋለት ሞተሩን የምትነካውም እሷ ሆነች። የእሷ ጸሎት በኦሮምኛ ነው፤ አባ ኬኛ ብላ ትጀምርና እያንዳንዱን ቃል እያጣጣመች፣ ሳትቸኩል ትወርዳለች። እንደ እሷ ያለ መለኪያ አይገኝም።

ሐይቁ ሊረጋና በረዶ ሊሆን ሲል ጋሽ ቶሎሳ አንድ ነገር ከጨርቅ ፈትቶ አሳየኝ። የመዳብ ቀለም ያለው፣ ምላጩ የሚያበራ ፕሮፔለር ነው። አወቅሁት። እጁ ደህና በነበረበት ዘመን፣ ከዴል ጀልባ ቀድሞ የገባባቸውን ቅዳሜዎች በሙሉ የነዳው በዚያ ነው። ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር።

«የሚቀጥለው ይኼ ነው» አለኝ።

እትዬ ጫልቱ ከወጥ ቤት ሰምታ መጣች። «እሱንማ አልነዳም። እኔ አንተ አይደለሁም ቶሎሳ። ወይ እገለብጣታለሁ፣ ወይ ሞተሩን አቃጥለዋለሁ። ያለው ይበቃኛል።»

ዴልም በስልክ ሲጠየቅ ከእሷ ጋር ወገነ። ያ ፕሮፔለር ለዚያ ሞተር ጫፍ ላይ ነው፤ ጋዙን የት መልቀቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ከነዳው ይሆናል፤ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ግን ያቃጥለዋል አለ። ጋሽ ቶሎሳ ይህንን አልካደም። «ልክ ብሏል» አለኝ ስልኩን ዘግቶ። «ዴል ሞተሩን ያውቃል። ጫልቱን ግን አያውቃትም።»

እና አሰረው። እሷ በጠረጴዛው አጠገብ ባለፈች ቁጥር «አላወለቅከውም?» ትለዋለች። «አላወለቅኩትም» ይላታል። ሐይቁ ረጋ፣ በረዶው ወረደ፣ መንገዱ ጨው ተነሰነሰበት፤ እነሱ ያችኑ ይመላለሳሉ። እኔ ከላይ ቤት ሆኜ ሁለተኛውን ድምፅ ሳልሰማ መልሱን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ብቻዋን ሳገኛት «እትዬ፣ ተይው፤ ለምን ትጨቃጨቂያለሽ?» አልኳት።

«ፈርቼ እኮ ነው» አለች። «ብሩኬ፣ ይኼ ሰውዬ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። አንድም ቀን። ይኼን ፕሮፔለር አስሮ ዝም ሲለኝ ምን እያለኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ተሳስቶ ቢሆንስ? ፊቱ ባቃጥለውስ?»

ፊቱ አላቃጠለችውም። ሐይቁ ሳይቀልጥ ሞተ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ቤቱን ሞላው። ጀልባዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ሰው በጎንዋ ውሃና ሶፍት ያስቀምጣል። አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት ለምግቡ ቦታ ልታስለቅቅ ስታነሣት እትዬ ጫልቱ ከተቀመጠችበት «እሷ አትነካም!» አለች፤ ሴትየዋ ደንግጣ መለሰቻት። ዴል ከነኮቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንንም አያውቅም፣ ቋንቋውን አይሰማም፤ ሲሰጡት እየበላ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ሊሄድ ሲል ፕሮፔለሩን አጎንብሶ አየውና አንገቱን ነቀነቀ።

በረዶው ቀልጦ የመጀመሪያው ደህና ቅዳሜ ሲመጣ በሬን አንኳኳች። ጀልባዋን ታቅፋታለች። ኪሷ ውስጥ ትንሹ ፕሮፔለርና መፍቻው እንዳሉ አሳየችኝ። «እዚያ ስደርስ እወስናለሁ» አለች። የጋሽ ቶሎሳን ቫን ራሷ ነዳችው፤ እኔ እንደ ድሮው በጎን ተቀመጥኩ። ሬዲዮ አልተከፈተም።

ዴል ቀድሞን ደርሶ ነበር። እትዬ ጫልቱ መፍቻውን ስታወጣ አይቶ «ቀይሪው፤ ማንም አይታዘብሽም» አላት በለሆሳስ። የሚለው ከልቡ ነው። መፍቻውን ፕሮፔለሩ ላይ አሳረፈችው። ልታላላው እጇን ስታጠብቅ አየሁ። ብታወልቀው እሷም ልክ ናት፤ ባታወልቀው ደግሞ ያ ሰው የተወላት ብቸኛ ቃል ውሸት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያርምላት የለም።

መፍቻውን ኪሷ ውስጥ መለሰችው። «አስገባት» አለችኝ።

ጀልባዋን ውሃው ላይ አደረግኋት። እትዬ ጫልቱ ጋዝ ስትሰጣት አፍንጫዋ ተነሣ፣ ጅራቷ ውሃውን ቀደደ፤ ያ የድሮው ድምፅ ሐይቁን ሞላው። የጋሽ ቶሎሳ እጅ ከታመመ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ራቀ፣ ከወዲያ ጫፍ ዞረ፣ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ግራና ቀኝ የሚገላበጠው እዚህ ጋ ነው። ከአጠገቤ ዴል ለራሱ እንደሚያወራ «ቢታ» ሲል ሰማሁት።

ኩርባው ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። ጋዙን ለቀቅ አድርጋዋለች። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ተወቻት፣ ከዚያ እንደገና ሰጠቻት፤ ልክ እሱ ያደርገው እንደነበረው። ዓይኔን ስከፍት ጀልባዋ ከፊታችን ታጥፋ እያለፈች ነበር፤ አልተገለበጠችም። እትዬ ጫልቱ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ እጇ ግን ረግቷል። ጥቂት ዙር ነዳቻትና ወደ ዳር አመጣቻት።

አወጣኋት። ክዳኗን ከፈትኩ። ዴል ቴርሞሜትሩን ከኪሱ አላወጣም፤ ኮፍያውን ነው ያወለቀው። እትዬ ጫልቱ ተንበረከከችና ጣቷን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። አባ ኬኛ ብላ ጀመረች። አልቸኮለችም። እኔ በሆዴ ከእሷ ጋር ቃል በቃል ለመሄድ ሞከርኩ፤ በሕይወቴ ያንን ጸሎት እንደዚያ ቀስ ብዬ ደግሜው አላውቅም። እንጀራው ጋ ደረሰች። አለፈች። አሜን አለች።

«እንዴት ነው እትዬ?» አልኳት።

አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ጨው አልበዛበትም» አለች። ጣቷን ግን አላነሣችም።